የማድ ቤቱ ጢስ ወደ ቤተ ሙከራ ይግባ

ከመካከላችን፥ እናቱ እንጀራ ስትጋግር እሳቱ እንቢ ሲላት ጎንበስ ብላ እፍ ስትል፥ ዐይኗንም በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ያላየ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን በዚያ ጢስ አጠገብ ፊደል ቆጥረን እዚህ ደርሰናል። ዳሩ ግን ስለ ብርሃንና ስለ ካርቦን ይህን ያህል ዘመን ስንማር፥ ስለዚያ ጢስ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም።

«እሳት ካየው ምን ለየው» ይባላል። ጢስን ግን የሚለየው ብዙ ነው። እሳቱ ሲንቦገቦግ የሚወጣው ጥቁር ጥላሸት የብርሃንን ቀለም ሁሉ ሳይመርጥ ይመጥጣል። እርጥብ እንጨትና ኩበት በደንብ ሳይነዱ ሲጨሱ ግን፥ እንጨቱን ያጠነከረው ሊግኒን በሙቀት ተሰባብሮ ልዩ ልዩ ኦርጋኒክ ውሕዶች ይወጣሉ። እነዚህ አልትራቫዮሌቱንና ሰማያዊውን ብርሃን ይመጥጣሉ፤ ቀዩን ግን አብዛኛውን ያሳልፋሉ። መልካቸው ቡናማ የሆነው ስለዚህ ነው፤ ስማቸውም ቡናማ ካርቦን ተባለ።

የአየር ጠባይ ሒሳብ ለብዙ ጊዜ ይህን የጢስ ክፍል ብርሃን መልሶ ምድርን እንደሚያቀዘቅዝ ብቻ ይቆጥረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድሬና ጌለንቼር የተባሉ ተመራማሪዎች ካርቦን ጥቁር ብቻ አለመሆኑን ካሳሰቡ ወዲህ ሒሳቡ እየታረመ ነው። እርማቱ ግን አልተፈጸመም፤ ቀለሙ እንደ ማገዶውና እንደ አነዳዱ ይለያያልና፤ ፀሐይም ውሎ ሲያድር ታደበዝዘዋለች። እንግዲህ በካሊፎርኒያ ከተቃጠለ የጥድ ደን የተገኘ ቁጥር ለባሕር ዛፍ ቅጠልና ለኩበት ጢስ እንዲሁ ሊገለበጥ አይችልም።

«የተሻሻለ ምድጃ እያለ ቀለም መለካት ምን ይጠቅማል?» የሚሉን ይኖራሉ። ማገዶ የቆጠበ ምድጃ ሁሉ ጢስ ቀነሰ ማለት አይደለም፤ ይህን የሚመሰክረው ልኬት ብቻ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ሰበብ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል። ነገሩ የቀለም ጨዋታ አይደለም።

ሥራው ከዐቅማችን በላይ አይደለም። ጢሱን በፓምፕ ስቦ በማጣሪያ መያዝ፥ በሜታኖል ማጠብ፥ ከዚያም በ365 ናኖሜትር ላይ የሚመጥጠውን ብርሃን በስፔክትሮፎቶሜትር መለካት ነው። መምህሮቻችን ይህን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ እንዲሰጡን እንለምናለን። እኛም የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተማሪዎች ከሌላ አገር የተለካ ቁጥር መገልበጡን ትተን፥ ማጣሪያችንን ይዘን ወደ እናቶቻችን ምድጃ እንመለስ። እነርሱ ጢሱን ችለው አስተምረውናል፤ ጢሱን መመርመር የእኛ ፋንታ ነው።