የሠዓሊው ስም ማን ነው?

በአማርኛ «ኮሚክ» ማለት ቀልደኛ ማለት ነው። «እሱ እኮ ኮሚክ ነው» ብለን እንስቃለን። ስለዚህ «ኮሚክ መጽሐፍ» ሲባል ሽፋኑ ሳይገለጥ ጉዳዩ የቀልድ፣ ቀጥሎም የልጅ ይሆናል። በዚህ ንቀት ውስጥ ሥነ ጽሑፍ እናጠናለን የምንል ሰዎች ድርሻችን ከማንም አያንስም። ስለ ልቦለድና ስለ ግጥም እስኪነጋ እንከራከራለን፤ በሥዕል ስለሚተረክ ታሪክ ግን አንድ ገጽ ለመጻፍ ብዕራችን ይከብደናል። ለምን ስንባል የተዘጋጀ መልስ አለን፦ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ የእኛ ባህል አይደለም።»

መልሱ ትክክል አይደለም። ማስረጃው እዚሁ ለንደን አለ። የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2014 የብሪታንያን ኮሚክስ ታሪክ በትልቅ ዐውደ ርእይ አሳየ። ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ በዚያው ሕንፃ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ለእይታ ቀረቡ። ቤተ መጻሕፍቱ ከያዛቸው ብራናዎቻችን ወደ 350 የሚጠጉት በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ናቸው። ለሁለተኛው ዐውደ ርእይ ኮራንም ተቆጣንም፤ ሁለቱም ይገባ ነበር። የመጀመሪያውን ግን የሌላ ሰው ድግስ አድርገን አለፍነው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ውስጥ የተሣሉትን የተአምረ ማርያም መጻሕፍት ልብ ብሎ ያየ ሰው አንዱ ተአምር በተከታታይ ትዕይንት ተከፍሎ፣ በየሥዕሉም ምን እንደሆነ የሚናገር አጭር ጽሑፍ ተጨምሮበት ያገኛል። ፒያሳ ለቱሪስት የሚሸጠውን የንግሥተ ሳባ ሸራም አስቡት፤ ብዙውን ጊዜ በ44 ሣጥን ተከፍሎ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ብራና ኮሚክስ ነው እያልኩ አይደለም፤ ብራናው ለጸሎት፣ ሸራው ለገበያ የተሠራ ነው። የምለው ሥዕልን በተራ አስቀምጦ መተረክም ማንበብም ለእኛ እንግዳ አይደለም ነው።

እንግዳ የሆነብን ሌላ ነገር ነው፤ የሠዓሊውን ስም መጠየቅ።

በ1990ዎቹ ለንደን ውስጥ ልጅ ሳለሁ የኮሚክስ ሠዓሊዎች መጽሐፍ ሊፈርሙ ሲመጡ እሰለፍ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ሠዓሊው ቀና ብሎ ስሜን ይጠይቀኛል፤ እኔም አጻጻፉን ፊደል በፊደል እነግረዋለሁ። እሱ በ2 ደቂቃ ውስጥ አንዱን ጀግና ነድፎ ከሥሩ ስሜንና ስሙን ያኖራል። ክፍያ አልነበረውም። እነዚያን ንድፎች በአንድ ደብተር ሰብስቤ ይዣለሁ።

ትዝታው ጣፋጭ ነው፤ ግን ጣፋጭነቱ የሙያውን ግፍ መሸፈን የለበትም። በብሪታንያ ሳምንታዊ ኮሚክስ ላይ የሠዓሊ ስም ለብዙ ዓመታት አይታተምም ነበር። በ1977 በተጀመረው «2000 ኤዲ» መጽሔት ላይ ኬቪን ኦኒል የባለሙያዎቹን ስም በየታሪኩ ማስፈሩ እንደ ድፍረት የተቆጠረው ለዚህ ነው። አሜሪካዊው ጃክ ኪርቢ የገዛ እጁን ሥራ ለማስመለስ ዓመታት ታግሎ በ1987 ማርቭል 2,000 ገጽ ገደማ መለሰለት፤ ይህም ከሣለው ጥቂቱ ነው። ለአንድ ልጅ የሚሰጥ ንድፍ ክብደቱ የሚገባን ይህን ስናውቅ ነው። ስም ከእጅ ተነጥሎ በኖረበት ሙያ ውስጥ፣ ሠዓሊና አንባቢ ፊት ለፊት ስም ተለዋወጡ ማለት ነው።

አገር ቤት ያደጉ ጓደኞቼን የመማሪያ መጽሐፋቸውን ሥዕሎች ጠይቋቸው። የትኛው ገጽ ላይ እንደነበሩ፣ ልጁ ምን ለብሶ እንደነበር፣ በሬው ወዴት ዞሮ እንደቆመ ሳይቀር ይነግሯችኋል። ማን ሣለው ስትሏቸው ግን ዝም ይላሉ። የመጀመሪያውን የእይታ ትምህርታችንን የሰጠንን ሰው አናውቀውም። ከነዚያ ሠዓሊዎች መካከል ዛሬ በሕይወት ያሉትም እያረጁ ነው፤ ንድፎቻቸው ወይ በአልጋ ሥር ናቸው ወይ ተጥለዋል።

«አገሩ ድሃ ነው፣ ወረቀት ተወዷል፣ ኮሚክስ ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። ወረቀት መወደዱ እውነት ነው። ስም መጻፍ ግን ስንት ወረቀት ይፈጃል? አንድ መስመር! ይህ የገንዘብ ሳይሆን የአክብሮት ጉዳይ ነው።

በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ «ጀምበር» የተባለው የልዕለ ኃያል ኮሚክስ ሲወጣ ብዙዎቻችን «የመጀመሪያው» ብለን አጨበጨብን። ስለ ሥዕሉ መስመር፣ ስለ ሣጥኖቹ አቀማመጥ፣ ቃልና ሥዕል የት እንደተጋገዙና የት እንደተገፋፉ የተጻፈ ሂስ ግን እኔን አላጋጠመኝም። ጭብጨባ ሂስን አይተካም፤ ደራሲንም ሠዓሊንም አያሳድግም።

እንግዲህ አሳታሚዎች፦ የሠዓሊውን ስም ከደራሲው ጎን ሽፋኑ ላይ አኑሩ፤ ዋናውን ሥዕልም መልሱለት። ሐያሲዎች፦ መጽሐፉን ስታነቡ ሥዕሉንም አንብቡት። በውጭ ያላችሁ፦ ለክረምት አገር ቤት ስትገቡ ከቡናውና ከበርበሬው ጋር የአንድ አዛውንት ሠዓሊን ንድፍም ተገቢውን ዋጋ ከፍላችሁ ያዙ፤ በጀርባውም ስሙንና የሣለበትን ዘመን በራሱ እጅ አስጽፉት። ስም የሌለው ሥዕል ነገ «ባህላዊ ሥዕል» ተብሎ የሌላ ሰው ሙዚየም ውስጥ ይሰቀላል፤ ያን ጊዜ የእኛ ነው ብንል እንኳ የማን እንደሆነ መናገር ያቅተናል።