በገንዘባችን የምንቀጠርበት ቅንጦት

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉ የሐበሻ ቤቶች አንድ ወሬ ይነሳል። «ዘንድሮ ሆቴል ለሆቴል ከምንንከራተት ለምን ትልቁን አርቪ አንከራይም? አልጋው እዚያው፣ ኩሽናው እዚያው፣ መታጠቢያው እዚያው፤ እንዲያውም ይረክሳል» ይላል አንዱ። ሌላው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳያል፤ አውቶቡስ የሚያህል፣ የቆዳ ሶፋ የተነጠፈበት፣ ሲቆም ሳሎኑ በሞተር እየተገፋ ወደ ጎን የሚሰፋ። ከዚያ ወዲያ የሚከራከር የለም። እኔ ግን እከራከራለሁ። «ይረክሳል» የሚለው ስሌት ስህተት ነው፤ «ያዝናናል» የሚለው ደግሞ «ማንን?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ከሒሳቡ እንጀምር። ከሲልቨር ስፕሪንግ ኦርላንዶ ደርሶ መልስ 1,700 ማይል ገደማ ነው። ለሰባት ሌሊት፣ በሌሊት 400 ዶላር ተከራያችሁ እንበል፤ ለዚህ ዓይነቱ መኪና የተጋነነ ዋጋ አይደለም። 2,800 ዶላር ሆነ። ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ይዘጋል፤ ጉድና ጅራት ግን ከኋላ ነው። ውሉ በቀን 100 ማይል ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ የቀረውን 1,000 ማይል በ45 ሳንቲም ስታባዙት 450 ዶላር ይመጣል። ትልቁ አርቪ በአንድ ጋሎን ስምንት ማይል ቢሄድ ጥሩ ሄደ ይባላል፤ ጋሎኑን በ3 ዶላር ከ50 ብናስበው ነዳጁ ብቻ 740 ዶላር ነው። ለኢንሹራንስና ለጽዳት 500፣ ለአምስት ሌሊት የካምፕ ቦታ ደግሞ 400 ጨምሩ። ድምሩ 4,890 ዶላር ነው፤ ታክሱና አከራይን ከተከራይ የሚያገናኘው ድርጅት ክፍያ ገና አልተነካም። እስክትመልሱ ድረስ ካርዳችሁ ላይ የሚታገደው ዲፖዚት ደግሞ ለብቻው ነው።

አሁን በራሳችሁ ሚኒቫን ሂዱ። ነዳጁ 240 ዶላር ቢፈጅ ነው። ለቤተሰቡ አንድ ሳይሆን ሁለት ክፍል፣ ሁለቱም ትንሽ ኩሽና ያላቸው፣ እያንዳንዱን በ170 ዶላር ያዙ፤ ሰባት ሌሊት 2,380 ይሆናል። ጠቅላላው 2,620 ዶላር። ልዩነቱ ከ2,000 በላይ ነው። «ምግብ እያበሰልን እናተርፋለን» የሚለው መከራከሪያም እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ወጥ የሚሠራው በምድጃ ነው፣ ምድጃው ጎማ ኖረው አልኖረው ሽንኩርቱ አያውቅም። በአርቪው ኦርላንዶ ከደረሳችሁ በኋላ ደግሞ ልጆቹን መዝናኛ ፓርክ ለማድረስ ወይ ያንን ግዙፍ መኪና ከመብራቱና ከውሃው ነቅላችሁ ትነዱታላችሁ፣ ወይ ታክሲ ትጠራላችሁ።

ሁለተኛው መከራከሪያ ነፃነት ነው፤ «ደስ ባለን ቦታ እንቆማለን» ይላሉ። መንገዱ ግን እንዲህ አይልም። እዚሁ አጠገባችን፣ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ጣሪያው ላይ ኤሲ የተሸከመ ትልቅ አርቪ አንዳንዱ ከዚህ ይበልጣል። ሞንታና፣ ግላሲየር ፓርክ ውስጥ ያለው፣ ሰዎች አገር አቋርጠው የሚሄዱለት የተራራ መንገድ በመካከለኛው ክፍሉ ከ21 ጫማ የረዘመ መኪና አያሳልፍም። ወደ ኒው ዮርክ ወይም ቦስተን ለሚሄድ ደግሞ ባልቲሞር አለች። በሁለቱ የሀይዌይ ዋሻዎቿ ከ10 ፓውንድ በላይ ፕሮፔን የሚይዝ ጋን ጭኖ ማለፍ ክልክል ነው፤ የትልቅ አርቪ ምድጃና ማሞቂያ የሚሠራበት ጋን ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። አማራጩ ኪ ብሪጅ የተባለው ድልድይ ነበር፤ እሱም በመጋቢት 2024 መርከብ ገጭቶት ወደቀ። ስለዚህ በባልቲሞር ምዕራብ በኩል መዞር ነው። አሮጌ ኮሮላ የያዘ ሰው ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ነፃነት ከተባለ የሱ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር ሥራው ነው። ከካምፑ የምትወጡበት ጠዋት ይኸውላችሁ። ጓንት ታጠልቃላችሁ። ወፍራሙን ቱቦ ከመኪናው ሆድ ጋር ታጋጥሙና ሌላውን ጫፍ መሬት ላይ ካለው ቀዳዳ ትከታላችሁ። በመጀመሪያ የሽንት ቤቱን ታንክ ትለቃላችሁ፤ የእቃ ማጠቢያውና የሻወሩ ውሃ ቱቦውን አጥቦት እንዲሄድ እሱ ኋላ ይለቀቃል። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው ሽታውን ይዞ ይጓዛል። ከኋላችሁ ሌሎች ተሰልፈው ያዩአችኋል። ማታ ደግሞ የካምፑ መስመር 30 አምፔር ብቻ ከሆነ ጠቅላላ ኃይላችሁ 3,600 ዋት ነው፤ ኤሲው፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱና ማይክሮዌቩ አንድ ላይ ከተነሱ መብራቱ ድርግም ይላል። ቡና ልቁላ ያለችው እናት የጭስ ጠቋሚውን ታስጮኸዋለች፤ የዕጣኑ ሽታ ሶፋው ውስጥ ከቀረ ደግሞ ከዲፖዚቱ ይቆረጣል።

በከባድ መኪና የሚተዳደሩ ወንድሞቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ሲዲኤል የሚባለውን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ለማግኘት ሠልጥነው፣ ተፈትነው፣ ጎማና ፍሬን መርምረው ነው የሚነሱት። እኛ ግን ክብደቱ ከ26 ሺህ ፓውንድ እስካልበለጠ ድረስ በአብዛኛው ስቴት በተራ መንጃ ፈቃድ፣ ፓርኪንግ ውስጥ በተሰጠ አጭር ማብራሪያ ብቻ፣ መላ ቤተሰባችንን ጭነን ሀይዌይ እንወጣለን። ቅንጦት ማለት ሌላው ሠርቶልህ አንተ የምታርፍበት ነው። እዚህ ግን ሾፌሩም፣ የቧንቧ ሠራተኛውም፣ የመብራት ሠራተኛውም፣ ጽዳቱም እናንተው ናችሁ፤ ደመወዙንም የምትከፍሉት እናንተው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ተሰልቶ ለምን ይከራዩታል? ግማሹ መልስ ፎቶው ነው። በራፉ ላይ ተደርድሮ መነሳት፣ ቪዲዮ መልቀቅ፣ «የት ደረሳችሁ!» መባል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ብለው ያሳደጉን ሰዎች ግን ይህንን አሳምረው ያውቁት ነበር።

አርቪ ለማንም አይበጅም ማለቴ አይደለም። ሽንት ቤት በየሰዓቱ የሚያስፈልጋቸው አዛውንት እናት ካሉ፣ የሰው ብዛትና አዲስ ክፍል የሚረብሸው ልጅ ካለ፣ ወይም የምትሄዱበት ሆቴል የሌለበት ምድረ በዳ ከሆነ፣ አልጋና መታጠቢያ አብሮ መጓዙ በገንዘብ የማይተመን ነው። ለዚህ ግን የሚበቃው 25 ጫማ የሚሆነው መካከለኛው ነው፤ ዋጋውም ነዳጁም ይቀንሳል፣ ብዙ ካምፕም ይገባል። የቆዳ ሶፋውና 40 ጫማው ለእናትየው የሚጨምሩላት ነገር የለም።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀት አውጡና ከዋጋው ሥር ስም ጻፉ። ማን ይነዳል? ማን ታንኩን ያራግፋል? ማን ያበስላል? ማንስ ያጥባል? በአብዛኛው ቤታችን መልሱ የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አባት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ እናት ናቸው። ዓመቱን ሙሉ እሱ ሲነዳ፣ እሷ ስታበስል የከረሙ ሰዎች ናቸው። ልዩነቱን 2,000 ዶላር ለነሱ አውሉት፤ እሱ ሳይነዳ የሚውልበት፣ እሷም ሌላ ሰው የሠራውን ቁርስ የምትበላበት ሳምንት ግዙበት።