ስለ ሽንት ማቃጠል ሕመምና በሐኪም ትእዛዝ ስለሚወሰድ መድኃኒት

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ ለብዙ ደዌ የሚስማማ ቢሆንም፣ ሽንትን እያቃጠለ ለሚያሠቃየው ሕመም ከሁሉ ይልቅ ይስማማል። ጥርሱን የታመመ ሰው ሕመሙን ለጎረቤቱ ሳያፍር ይናገራል፤ ሽንቱ የሚያቃጥለው ግን አፍሮ ዝም ይላል፤ ሕመሙ ሲበረታበትም በስውር መድኃኒት ይፈልጋል። በእኛ አስተያየት፣ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው በዚህ ሕመም የሚጎዳው መድኃኒት በማጣት ሳይሆን፣ መድኃኒትን ያለ ምርመራና ያለ ሥርዓት በመውሰድ ነው።

ከመገናኛ እስከ ገርጂ፣ ከሲኤምሲ እስከ አያት መድኃኒት ቤት የሌለበት መንገድ ጥቂት ነው። የአውሮፕላን ማረፊያውም በዚሁ በቦሌ ስለ ሆነ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው የመድኃኒት ብልቃጥ ይዞ ይገባል። ስለዚህ ለአንዱ የታዘዘው ወይም የተገዛው እንክብል ወደ ሌላው እጅ በቀላሉ ይተላለፋል። የሚሰጠው ሰው በደግነት እንደሚሰጥ አንጠራጠርም፤ ነገር ግን ደግነቱ ምርመራን ሊተካ አይችልም።

የሽንት ማቃጠል ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በአንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ወደ ሽንት ቧንቧ ገብቶ ፊኛን ሲያስቆጣ ነው። የሴቶች የሽንት ቧንቧ አጭር ስለ ሆነ ይህ ደዌ በእነርሱ ላይ ይበዛል። ነገር ግን ያው ማቃጠል ከጨብጥና ከሌሎች የአባለ ዘር በሽታዎች፣ ወይም ከኩላሊት ጠጠር ሊመጣ ይችላል። በፀሐይ በጋለ ድንጋይ ላይ በመሽናት ይመጣል የሚለው የቆየ ወሬ ግን መሠረት የለውም። የአንዱ ምክንያት መድኃኒት ለሌላው ስለማይሆን፣ ሽንትን ሳያስመረምሩ መድኃኒት መዋጥ በጨለማ እንደ መሄድ ይቈጠራል።

ከውጭ አገር ከሚመጡት መድኃኒቶች አንዱ ፌናዞፒሪዲን ይባላል። በአሜሪካ አነስተኛ መጠን ያለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስለሚሸጥ፣ ብዙ ሰው ምንም ጉዳት የሌለው ይመስለዋል። ይህ መድኃኒት የማቃጠሉን ሥቃይ ያስታግሣል እንጂ አንዲት ባክቴሪያ እንኳ አይገድልም። ሽንትንም ብርቱካናማ ወይም ቀይ ያደርገዋል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ደም የሸና መስሎት ይደነግጣል። ቀለሙ የሽንት ምርመራን ስለሚያሳስት፣ የወሰደ ሰው ለላቦራቶሪው ሠራተኛ አስቀድሞ መናገር ይገባዋል። ከባክቴሪያ መድኃኒት ጋር ሲታዘዝ ከምግብ በኋላ፣ ከ2 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ይወሰዳል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ጨርሶ ሊወስደው አይገባም። የወሰደውም ሰው ዓይኑ ወይም ቆዳው ቢጫ ከሆነ ወዲያው አቁሞ ወደ ሐኪም ይሂድ። ከሁሉ የሚከፋው አደጋ ግን ሥቃዩ ጠፍቶ ባክቴሪያው መቅረቱ ነው፤ በሽተኛው ድኛለሁ ብሎ ሲቀመጥ ደዌው ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላልና።

ባክቴሪያን የሚገድሉት መድኃኒቶችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ናይትሮፉራንቶይን ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰውና ለመውለድ ለተቃረበች እናት አይስማማም። ኮትሪሞክሳዞል ብዙ ውኃ መጠጣትን ይፈልጋል፤ ሰልፋ ሰውነቱን የሚያስቆጣው ሰውም አይወስደውም። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከወተት፣ ከብረት እንክብልና ከጨጓራ አሲድ ማስታገሻ ጋር አብሮ ከተወሰደ ኃይሉ ይቀንሳል፤ በወሰዱት ጊዜ የጅማት ሕመም ቢሰማ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። እንግዲህ የጎረቤት መድኃኒት ይህን ሁሉ ምክር ይዞ ሊመጣ እንደማይችል የታወቀ ነው።

በሰዓት ላይም ብዙ ስሕተት ይደረጋል። በቀን ሦስት ጊዜ ማለት በየ8 ሰዓቱ ማለት ነው፤ ይኸውም ጧት በ12 ሰዓት፣ ከቀኑ በ8 ሰዓት፣ ማታ በ4 ሰዓት እንደ መውሰድ ነው እንጂ፣ ሦስቱን በምሳና በራት መካከል መጨረስ አይደለም። የሚጾም ሰውም የጧቱን መድኃኒት በገዛ ፈቃዱ ከመተው ይልቅ፣ ጾመኛ መሆኑን ለሐኪሙ ገልጾ ሰዓቱን እንዲያስተካክልለት መጠየቅ፣ የንስሐ አባቱን ወይም የሃይማኖት መምህሩንም ማማከር ይገባዋል።

‹‹ባለፈው ጊዜ ይኸው መድኃኒት አድኖኛል፤ ዛሬስ ስለ ምን ወረፋ እይዛለሁ?›› የሚል ሰው ይኖራል። መልሱ አጭር ነው። የዛሬው ባክቴሪያ የዚያን ጊዜው ላይሆን ይችላል፤ ያው ቢሆንም እንኳ መድኃኒቱን ለምዶት ይሆናል። ፔኒሲሊንን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ መድኃኒቱን ከሚገባው መጠን አሳንሶ መውሰድ ተሐዋስያንን እንደሚያለማምድ አስጠንቅቆ ነበር። ተመራማሪዎች እንደ ገመቱት፣ በ2019 ብቻ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ገድለዋል። ስለዚህ ሥቃዩ ሲቀል እንክብሉን አቋርጦ የቀረውን ለሌላ ጊዜ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ራሱንም ቤተሰቡንም ይጎዳል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 መድኃኒትን ከተራ ሸቀጥ ለይቶ በሕግ ያስተዳድራል። ‹‹የሐኪም ማዘዣ አምጣ›› ብሎ የሚመልስን የመድኃኒት ባለሙያ እንደ ክፉ ሰው ቈጥረን ልንቈጣው አይገባም፤ ይልቁንም ልናመሰግነው ይገባል። ሳይጠይቅ የሚሸጥልንን ግን ወዳጅ አድርገን አንቍጠረው። መድኃኒት ወስዶ ያልተለመደ ጉዳት ያገኘው ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በነፃው መስመር 8482 ደውሎ ያስታውቅ።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በበሽተኛው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። የቀን ሠራተኛ ለአንድ የሽንት ምርመራ ግማሽ ቀን ከተሰለፈ የዕለት እንጀራውን ያጣል። የታክሲ ረዳትና የጉልት ነጋዴ ንጹሕ የሕዝብ መጸዳጃ ካላገኙ ሽንታቸውን ይዘው ይውላሉ፤ ሽንትን አዘውትሮ መያዝም ለዚህ ደዌ ያጋልጣል። ስለዚህ ጤና ጣቢያዎች የሽንት ምርመራን እንዲያፋጥኑና በሽተኛውን ሌላ ሰው በማይሰማበት ክፍል እንዲጠይቁት፣ አሠሪዎችም ለሕክምና ፈቃድ እንዲሰጡ፣ በየአደባባዩም ውኃ ያለው መጸዳጃ እንዲበዛ እናሳስባለን። ይህ ካልተደረገ በቀር ምክራችን ጆሮን ብቻ የሚነካ ይሆናል።

በቤት ውስጥ ሊጠበቅ የሚገባው ጥቂትና ቀላል ነው። ውኃ በብዛት መጠጣት፣ ሽንትን አለመያዝ፣ ሴቶችም ከተጸዳዱ በኋላ ከፊት ወደ ኋላ መጥረግ ይገባል። እርጉዝ ሴት ማቃጠል ሲሰማት አንድ ቀንም አታሳድር፤ ያልታከመ ደዌ ኩላሊቷን ሊጎዳ፣ ፅንሱም ያለ ጊዜው እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማስመለስ ወይም የጎን ሕመም የተጨመረበት ሰው ግን ወደ መድኃኒት ቤት ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ወዳለው ሆስፒታል ይሂድ። ለሐኪሙም ሳያፍር ይንገረው፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት በታዘዘው መጠን፣ በታዘዘው ሰዓት፣ እስከ ታዘዘው ቀን ድረስ ይፈጽም።