ለአባዬ ሐውልት ላቁም ወይስ ባልዲ ልያዝ?

የዛሬው ደብዳቤ የትዳርም የፍቅርም አይደለም፡፡ ሳነበው ግን አንጀቴን በላው፡፡ ስለዚህ ተራ የያዙትን ለሚቀጥለው ሳምንት አቆይቼ ይኼን አስቀደምኩ፡፡ ጠያቂያችን በእንጦጦ ግርጌ ካሉት ሠፈሮች በአንዱ የምትኖር የ36 ዓመት ሴት ናት፡፡ ረጅሙን ደብዳቤዋን አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ፡፡

«አባዬ ያረፈው በጥቅምት ነው፡፡ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ 17 ዓመት ሙሉ ከቤታችን ጀርባ ባለው ገደል ውስጥ ድንጋይ ሲክብ፣ ችግኝ ሲተክል፣ ሲያጠጣ ኖረ፡፡ ማንም አልቀጠረውም፤ አምስት ሳንቲም አላገኘበትም፡፡ በእኛ ሠፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፡፡ እማዬ ለልብስ ያጠራቀመችውን ውሃ ከበርሜል እየቀዳ ለወይራ ችግኝ ይወስድባታል፡፡ በዚህ ያልተጣሉበት ሳምንት አልነበረም፡፡ እኔ የተመረቅኩ ዕለት እንኳ ጫማው ጭቃ እንደሆነ አርፍዶ መጣ፡፡ አፈርኩበት፡፡ ሰዉ ‹ጋሼ ችግኝ› ሲለው ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልፍ ነበር፡፡

በቀብሩ ላይ የማላውቃቸው የሊስትሮ ልጆች ሲንሰቀሰቁ አየሁ፡፡ ለካ ዘር የሚለቅሙለት፣ ሻይ በዳቦ የሚጋብዛቸው ልጆች ናቸው! አሁን አርባው ወጥቷል፡፡ ወንድሜ ከአሜሪካ ለእብነ በረድ ሐውልት ብር ልኳል፤ እማዬም ፎቶው ያለበት ያማረ ሐውልት ነው የምትፈልገው፡፡ እኔ ባለፈው እሁድ ገደሉ ድረስ ወረድኩ፡፡ የድሮዎቹ ዛፎች አምረዋል፡፡ ዘንድሮ ክረምት የተከላቸው ግን ጠውልገዋል፤ ፍየል ገብቶባቸዋል፡፡ በሕይወት እያለ አንድ ቀን ባልዲ ይዤለት አላውቅም፡፡ ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ እግዜር ያጥናሽ፡፡

መቼስ እኛ ሰው ሲሞት መልአክ ማድረግ እንወዳለን፡፡ አባትሽ ደግ ሰው ነበሩ፤ ይሁንና ውሃው የእናትሽ ነበር፤ ያረፈዱትም በአንቺ ቀን ነው፡፡ ቅሬታሽ እውነት ነው፡፡ እሳቸው ስላረፉ ብቻ ውሸት ነበር ብለሽ ራስሽን አትክሰሺ፡፡ ግን ደግሞ እዚያ ገደል ውስጥ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ማወቅ አለብሽ፡፡

አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የአፄ ምኒልክ መቀመጫ እንጦጦ ነበር፡፡ የተራራው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ ተመናመነ፡፡ ከዚያ በንጉሡ ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ተተካ፡፡ ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆርጡትም መልሶ ያቆጠቁጣል፤ የስንቱን እንጀራ ጋግሯል፣ አናማው፡፡ ነገር ግን የወደቀው ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ሲያልቅ ቁልቁለቱ ራቁቱን ይቀራል፡፡ የክረምት ጎርፍ አፈሩን ይዞት ይወርዳል፡፡ ገደል የሚሰፋው እንዲህ ነው፡፡

አባትሽ ሲክቡት የነበረው ድንጋይ ክትር ይባላል፡፡ የጎርፉን ጉልበት ይሰብራል፣ አፈሩን ከኋላው ያስቀራል፡፡ እዚያ አፈር ላይ ነው ወይራውን የሚተክሉት፡፡ ወይራ ደግሞ ዝግተኛ ዛፍ ነው፡፡ በጡረታ ዕድሜው ወይራ የሚተክል ሰው ጥላውን ለራሱ ብሎ አይደለም፡፡

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፡፡ መትከል ቀላል ነው፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል፡፡ ሁላችንም በክረምት አንድ ጉድጓድ ላይ ፎቶ ተነስተን እናውቃለን፡፡ ታዲያ በጥር ማን ያጠጣዋል? ችግኝ የሚሞተው በመጀመሪያው በጋ ነው፡፡ ከአባትሽ እጅ የጎደለው ሥራ ይኼ ነው፤ ጠባቂ እንጂ ተካይ አላጣንም፡፡

እንግዲህ ምክሬ ይኸውልሽ፡፡

አንደኛ፣ በሐውልቱ ከእናትሽ ጋር አትጣዪ፡፡ 17 ዓመት ውሃዋን የሰጠች ሴት ናት፤ ወዳም ይሁን ሳትወድ፡፡ ባሏን የምታይበት ድንጋይ ይገባታል፡፡ አነስ ያለ ይሁንና የተረፈው ብር የውሃ ታንከር ይግዛ፡፡ ለወንድምሽም ደውለሽ ገደሉን በፎቶ አሳዪው፡፡ ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ በዛፍ ተከላ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2004 የሰላም ኖቤል የተሸለመች ሴት ናት፡፡ እ.ኤ.አ. በ2011 ስታርፍ የአስከሬኗ ሣጥን የተሠራው ከቀርከሃና ከደንገል ነበር እንጂ ከዛፍ ጣውላ አልነበረም፡፡ ሙታንን እንደ ሥራቸው ማክበር ይቻላል ለማለት ነው፡፡

ሁለተኛ፣ ተዝካሩን አትጠብቂ፤ በዚህ ሳምንት ውረጂ፡፡ ዙሪያውን በእሾህ አጥሪ፡፡ የችግኞቹን ሥር በደረቅ ሳር ሸፍኚ፣ እርጥበት ይይዛል፡፡ ውሃው ከሌለሽ የሃይላንድ ፕላስቲኮች ሰብስበሽ ክዳናቸውን በመርፌ ብሺና ውሃ ሞልተሽ በየሥሩ ድፊያቸው፣ ጠብ ጠብ እያለ ያጠጣል፡፡ ጠዋት ወይም ማታ እንጂ በቀትር አታጠጪ፡፡

ሦስተኛ፣ እነዚያን የሊስትሮ ልጆች ፈልጊያቸው፡፡ ሥራውን ከአንቺ በላይ ያውቁታል፡፡ ሻዩንና ዳቦውን ግን አትርሺ፡፡

አራተኛው ከሁሉም ይብሳል፡፡ በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፡፡ አባትሽ አለሙት እንጂ በእጃቸው ወረቀት የላቸውም፡፡ ነገ አንዱ መጥቶ ‹ባዶ ቦታ ነው› ቢል ማን ይመልስለታል? እድሩን አስተባብሪ፣ ሽማግሌዎቹ ይፈርሙ፣ ቦታው በአረንጓዴነት ተጠብቆ እንዲቆይ ለወረዳው በጽሑፍ አመልክቱ፡፡ የገባበትን ቁጥርና ቀን የያዘ ቅጂ እጅሽ ላይ ይቅር፡፡

‹አንድ ቀን ባልዲ ይዤለት አላውቅም› ያልሽው እንደሚያቃጥልሽ አውቃለሁ፡፡ ይቅርታውን እሳቸው ሊሰጡሽ አይችሉም፡፡ ባልዲው ግን በረንዳው ላይ አለ አይደል? መጀመሪያ የእናትሽን በርሜል ሙይላት፣ ከዚያ ውረጂ፡፡ በሰኔ ዝናቡ ሲጥል የተረፉትን ቆጥረሽ ጻፊልን፡፡ አሥርም ይሁኑ ሦስት ለአንባብያን እናስታውቃለን፡፡

ሳምንት ያገናኘን፡፡