በድራማ ስለሚታየው የስልክ ቁጥርና ስለ ባለቤቱ

የተከታታይ ድራማው ፍጻሜ ጊዜው ሳይደርስ በአገር እንዳይናኝ ሲል የድርሰቱን ጽሑፍ ከፋፍሎ ለየተዋናዩ ድርሻውን ብቻ የሚያድል፣ ሠራተኞቹም ወደ ቀረጻው ሥፍራ ሲገቡ ስልካቸውን በአደራ የሚያስቀምጥ ዳይሬክተር ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም፤ ተመልካች ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀውን ነገር አስቀድሞ ከጎረቤት አፍ ቢሰማው የብዙ ሰው ድካም ከንቱ ይቀራልና። ይኸው ሰው ግን ተዋናዪቱ የምትመለከተውን የስልክ ገጽ አቅርቦ ሲያሳይ፣ ከ09 የሚጀምሩት 10 አኃዞችም በጉልህ ሲነበቡ፣ የገዛ ድርሰቱን ምሥጢር እንደ ዓይኑ ብሌን ጠብቆ የማያውቀውን ሰው ኅቡእ ነገር በገሀድ ማውጣቱን ልብ ሳይል ይቀራል።

ከ09 በኋላ የሚከተሉት 8 አኃዞች በሚቻለው መንገድ ሁሉ ቢደረደሩ የሚገኘው 100 ሚሊዮን ቁጥር ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም የተንቀሳቃሽ ስልክ ደንበኞች ግን ከ70 ሚሊዮን አልፈዋል። እንግዲህ የድራማው ባለሙያ ለቀረጻ ሲል በግምት የጻፈው ቁጥር ሕያው ባለቤት ላይ ማረፉ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሳያርፍ ቢቀር ነው የሚያስገርመው። ባለቤቱም ቀረጻው ከተደረገበት ከአዲስ አበባ ርቆ፣ በራቤል ወይም በመንዝ ደጋ ላይ፣ ድራማውን ከቶ ያላየ ገበሬ ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር አንድ ስልክ ብዙ ጊዜ የቤተሰቡ ሁሉ ነው፤ የገብስና የበግ ዋጋ የሚጠየቅበት፣ ከተማ የወጣው ልጅ ድምፅ የሚሰማበት፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ መርዶ የሚመጣበት ነውና፣ በውድቅት ሌሊት ሲጮኽ እናቲቱ ገና ሳታነሣው «ማን ሞተብኝ!» ብላ ትደነግጣለች። በዚያች ሰዓት የሚደውለው ሰው በቴሌቪዥን ያየውን ቁጥር ሊሞክር የተነሣ ሥራ ፈት ቢሆን፣ ያን ድንጋጤ ለእርሷ የሚክሳት ማን ነው?

ይህ ከግምት የመነጨ ፍርሃት አይደለም። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ዓለም ሁሉ ባየው «ስኩዊድ ጌም» በተባለው የደቡብ ኮርያ ድራማ ውስጥ በአንዲት ካርድ ላይ የተጻፈው ቁጥር መነሻው 010 ሳይጨመርበት ቢታይም፣ በአገሩ ውስጥ ለሚደውል ሰው መስመሩ መነሻውን ራሱ ያሟላለት ነበርና፣ በሶንጁ አውራጃ የሚኖር አንድ ሰው ቀንና ሌሊት በሺህ በሚቈጠር ጥሪና መልእክት ተጨንቋል፤ ኋላም ኔትፍሊክስና የድራማው ሠሪዎች ያን ክፍል አርመው እንደ ገና አወጡት። ከዚያም በፊት በ1995 ዓ.ም. በወጣው «ብሩስ ኦልማይቲ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም የእግዚአብሔር የስልክ ቁጥር ተብሎ የታየው፣ ታሪኩ በሚፈጸምባት ከተማ ባለቤት የሌለው መሆኑ ቢጣራም፣ በሌሎች ክፍላተ ሀገር ግን ባለቤቶች ስለ ነበሩት፣ በሰሜን ካሮላይና የሚገኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር አምላክን በሚጠሩ ደዋዮች ታውኳል። በዚያ የአካባቢው መለያ ቁጥር ስላለ አንዱ ቁጥር ለብዙ ሰው ይከፋፈል ነበር፤ በእኛ ዘንድ ግን የእጅ ስልክ በመላ አገሪቱ አንድ ወጥ በመሆኑ ጠቅላላው ዱላ በአንድ ሰው ላይ ያርፋል።

ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቴሌብር ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ነገሩ ይበልጥ ከብዷል። ቁጥሩን የያዘ ሰው ገንዘብ ሊልክ እንደሚሻ ሆኖ ቢያስገባው የባለቤቱ ስም ይገለጥለታል፤ ስምና ቁጥር በእጁ የገቡለት አታላይ ደግሞ ምን እንደሚሠራ ያልሰማ የለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የሰውን የግል ሕይወትና በስልክ የሚያደርገውን ግንኙነት ሳይደፈር እንዲጠበቅ ደንግጓል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው 1321 ቁጥር ዐዋጅም የግል መረጃን ጥበቃ በዝርዝር ሠርቷል። ኪነ ጥበብ ከዚህ ሕግ በላይ ናት የሚል ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አልስማማም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አሜሪካኖች ከ555-0100 እስከ 555-0199 ያሉትን 100 ቁጥሮች ለልብ ወለድ ትተዋል፤ የብሪታንያ የመገናኛ ተቈጣጣሪ ኦፍኮምም ለድራማ ሲል ከ07700 900000 እስከ 900999 ያሉትን 1,000 የእጅ ስልክ ቁጥሮች ለማንም እንዳይሰጡ ለይቶ አኑሯል። በ1148/2011 ዐዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ከ09ኙም፣ ሳፋሪኮም በ2014 ዓ.ም. ይዞት ከመጣው ከ07ቱም፣ አንድ አንድ ሺህ ቁጥር ለፊልምና ለቴሌቪዥን ለይቶ ዝርዝሩን በይፋ ቢያውጅ፣ ወጪው እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ ሰላም የሚያገኘው ሰው ብዙ ነው።

ስለ ስልኩ ራሱ ደግሞ ከቁጥሩ የማይተናነስ ነገር አለ። ገንዘብ ባነሰበት ሥራ በተዋናዩ እጅ የሚታየው ስልክ የራሱ የተዋናዩ ነውና፣ የእኅቱ መልእክትም፣ የባንኩ ማስታወቂያም፣ የወዳጆቹ ስም ዝርዝርም ካሜራው ፊት ሊዘረጋ ይችላል። ቀድሞ ማንበብ የማይችል የመንዝ ሰው የልጁን ደብዳቤ ወደ ደብተራ ወስዶ ሲያስነብብ፣ ደብተራው ያነበበውን በልቡ ቀብሮ ያስቀር ነበር፤ ካሜራ ግን ያየውን ለሚሊዮን ይናገራል። ስለዚህ ለቀረጻ የሚውለው ስልክ ሲም ካርድ የሌለው፣ ምንም የግል ነገር ያልተጫነበት ይሁን፤ በገጹ ላይ የሚታየውም አስቀድሞ የተዘጋጀ ሥዕል ይሁን፣ ወይም ገጹ ባዶውን ተቀርጾ ኋላ በኤዲቲንግ ይሞላ። ከዚህም የሚሻል መንገድ አለ፤ በ2002 ዓ.ም. መታየት የጀመረው «ሸርሎክ» የተባለው የእንግሊዞች ድራማ እንዳደረገው ስልኩን ጨርሶ ሳያሳዩ የመልእክቱን ቃል ብቻ ከተዋናዩ አጠገብ በምስሉ ላይ መጻፍ ይቻላል። ቃሉም በላቲን ፊደል የተቈራረጠ ሳይሆን በጉልህ የግዕዝ ፊደል ቢጻፍ፣ ተዋናዩም በድምፁ ቢያነበው፣ ፊደል ያልቈጠሩት እናቶቻችን የታሪኩን ቋጠሮ ከልጅ ልጆቻቸው ሳይለምኑ በራሳቸው ይረዱት ነበር።

አስቀድሞ የወጡትና እውነተኛ ቁጥር የሚታይባቸው ሥራዎች ግን ዛሬም በዩቲዩብ ይታያሉ፤ በየቀኑም አዲስ ተመልካች ያገኛሉ። ዩቲዩብ አንድ ጊዜ የተጫነውን ቪዲዮ ሳያወርዱ የተወሰነውን ሥፍራ ብቻ ማደብዘዝ የሚያስችል መሣሪያ ለባለቤቱ ሰጥቷልና፣ ፕሮዲዩሰሮቹ ማንም ሳያዝዛቸው በዚህ ሳምንት ተቀምጠው ሥራዎቻቸውን እንዲመረምሩ፣ ቁጥር ያዩበትንም ሁሉ እንዲያደበዝዙ እለምናቸዋለሁ።