የስልክ ደጋፊ

ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ ጤነኛ ሰው ሁሉ ሥራው ላይ በሆነበት ሰዓት፣ ደሴ ፒያሳ አንዱ ቡና ቤት ጥግ ተቀምጦ ስልኩን የሙጥኝ ያለ ጎልማሳ ካያችሁ እኔ ነኝ። የታመመ ዘመድ የለኝም። ከዓረብ አገር የሚላክልኝ ገንዘብም አልጠብቅም። የደሴው ቡድኔ እየተጫወተ ነው። የት? ሐዋሳ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ሌላ 270 ምናምን። ሜዳው ዳር የቆመ አንድ ቸር ልጅ በቴሌግራም "አገባን!" ብሎ ይልካል። ብድግ ስል አስተናጋጇ ትደነግጣለች። ኔትወርክ ይጠፋል። ሲመለስ 1 ለ 1 ሆኗል። ማን አገባብን? ተከላካያችን ተኝቶ ነው? ኦፍሳይድ ነበረች? መልስ የለም። ቡናዬ ቀዝቅዟል።

"ነጥብ ተጋርተን ወጣን" ይላል የመጨረሻው መልእክት። ምን እንደተጋራን እንጃ፤ እኔ አላየሁም።

ይሄን ደጋፊነት ነው የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። በእኛ አገር ቋንቋ ይሄ መርዶ መጠበቅ ይባላል።

ሳምንቴ እንዲህ ነው የሚያልፈው። ስናሸንፍ ባጃጅ ነጂው የጠራውን ዋጋ ሳልከራከር እከፍላለሁ። ስንሸነፍ ልጆቼ ገና ከበር ፊቴን አይተው "አባዬ፣ ዛሬም?" ይላሉ፤ ሚስቴ ራቱን አቅርባ ዝም ትላለች፤ ለአሥራ ምናምን ዓመት ተምራዋለች። እስከ ሐሙስ ሰላምታዬ አጭር ነው። ዓርብ የደረጃ ሰንጠረዡን አውጥቼ በእርሳስ እደምራለሁ፤ ከላይ ያሉት ቢሸነፉ፣ ሦስተኛው አቻ ቢወጣ፣ እኛ ቀጣዮቹን ሦስት ብናሸንፍ… ቅዳሜ ተስፋዬ ከሞት ይነሳል። ማክሰኞ መልሰው ይቀብሩታል። ይሄ ሁሉ መቃጠል እንግዲህ አንዲት ቅብብል በዓይኔ ሳላይ ነው!

እኔ ያደግሁት እሁድ ከሰዓት ወደ ሆጤ ሜዳ በሚጎርፈው ሰው መሐል ነው። አባቴ ጋቢውን ደርቦ ከፊት፣ እኔ የጋቢውን ጫፍ ይዤ ከኋላ። የደሴ ብርድ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠ ብርድ ነው፤ አጥንት ይቆጥራል። አንዳንድ ቀን ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሜዳውን ግማሹን ይውጠዋል። ያኔ ማዶ ያለውን ግብ ጠባቂ አናይም፤ የዚያኛው ጥግ ጩኸት ሲፈነዳ ግን ኳሷ የት እንደገባች እናውቃለን። በጭጋግ ውስጥ የገባችውን ያቺን ጎል ዛሬ በስልክ ከሚነገረኝ ጎል ይልቅ አይቻታለሁ።

ያኔ ከኮምቦልቻ ጋር ሲሆን ደግሞ ወሬው ከሰኞ ይጀምራል። የኮምቦልቻ ልጆች አይሱዙ ላይ ተጭነው የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ እየዘፈኑ ይወጡታል። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነች፤ ግን ከ1,850 ሜትር ከፍታ ተነስተው ስለሚወጡ ሲደርሱ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። ከተሸነፉ "ብርዳችሁ ነው ያሸነፈን እንጂ እናንተማ ምን አላችሁ" ይላሉ። እኛ ቁልቁል ስንወርድ በተራችን ሙቀቱ ላይ እናሳብባለን። ማታ ግን አብረን ቡና እንጠጣለን፤ አቦሉ ላይ እንሰዳደባለን፣ በረካው ላይ እንመራረቃለን። የወሎ ሰው ጠቡንም በወግ ነው። ቡድኖች በተመረጠ ከተማ ተሰባስበው በሚጫወቱበት በዛሬው ሥርዓት እነዚህ ሁለት ጎረቤቶች ቢገናኙ የሚገናኙት የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ደሴም ኮምቦልቻም ባልሆነ ሦስተኛ ከተማ፣ ባዶ ወንበር ፊት። የሐረጎን ፍልሚያ ሩቅ ወስደው ለወንበር አሳዩት።

ይሄ ሥርዓት የጀመረው በኮሮና ነው። የ2012 ውድድር መሐል ላይ ተቋርጦ ተሰረዘ። በ2013 ሲመለስ ቡድኖች በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው እንዲጫወቱ ተደረገ። ፕሪሚየር ሊጉ ያን ዓመት በዲኤስቲቪ መታየት ጀመረ፤ ካሜራው የረገጠበት ከተማ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጅማ፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እያለ ሄደ። ደህና። የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ የስታዲየም መቀመጫውን ቢነጠቅ ቢያንስ ቴሌቪዥን ተሰጠው። ከፕሪሚየር ሊጉ በታች፣ ከፍተኛ ሊግ ያለን ድሆችስ? ሜዳውም ሄደ፣ ካሜራውም አልመጣ። ኮሮናው አለፈ፤ ጭንብሉን ጣልን፤ እጃችንን መታጠብም ተውን። ሥርዓቱ ብቻ እንደ ቋሚ ተከራይ ቤታችን ውስጥ ቀረ።

አዘጋጆቹ ለምን ሲባሉ መልስ አያጡም። አንደኛው "ጸጥታ" ነው። ይሄን ቀልዶ የሚያልፍ ሰው የዚህ አገር ሰው አይደለም። በ2014 ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ከተሞቹ ነፃ የወጡት ኅዳር 27 ነው። በእነዚያ ሳምንታት ስለ ኳስ ያነሳ ሰው ቢኖር እብድ ነበር። ዛሬም መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ቀድሞም ቢሆን እኛ ደጋፊዎች ንጹሕ አልነበርንም፤ ድንጋይ የወረወረ አለን፣ ዳኛ ያሳደደ አለን፣ የዘር ስድብ የተሳደበም አለን፤ እፍረቱ የራሳችን ነው። ግን ጥፋተኛን መቅጣት ሌላ፣ ከተማን ሙሉ ደጋፊነቱን መቀማት ሌላ። ሰላም ባልሆነበት ሳምንት አታጫውቱ። ሰላም በሆነበት ሳምንትስ? ገበያው ይቆማል፣ ሠርጉ ይደገሳል፣ ጁምዓው ሞልቶ ይሰገዳል፣ በጥምቀት ታቦቱ በሺህ ሕዝብ ታጅቦ ይወርዳል። ሃያ ሁለት ልጅ ኳስ ሲያባርር ነው አገር የሚፈርሰው?

ሁለተኛው መልስ "ሜዳችሁ ደረጃውን አይመጥንም" ነው። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ሳር የሚበቅለው ሲጫወቱበት፣ ገቢ ሲገባበት፣ ከንቲባው እሁድ መጥቶ ሲያፍርበት ነው። የማይጫወቱበትን ሜዳ ማን ያድሰዋል? ስታዲየም ብቻውን ቡድን እንደማያቆምም ከጎረቤት አይተናል። ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ወልድያን እዩ። ሼኽ ሙሐመድ ሑሴን አል-አሙዲ ያሠሩት 25,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም በ2009 ተመረቀ። (እኛ ደሴዎች "ሼኹ የተወለዱት እዚህ ነው፣ ስታዲየሙ ግን እዚያ ሄደ" እያልን ስንቀና ዓመት አለፈን።) በ2010 መጨረሻ ወልድያ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ወንበሩ አላዳነውም።

ደግሞ ይሄ በሽታ የታች ሊግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ፤ ፒያሳ ላይ የማላውቀው ሰው አቅፎኝ ጮኸ። ጨዋታው የእኛ "የሜዳችን" ጨዋታ ነበር። የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ አገራችን ውስጥ ያለውን ሜዳ አልቀበልም ብሎ ነበር። የራሱን ሠርግ በሰው ድንኳን እንደደገሰ ሙሽራ ሆንን። እንግዲህ ካፍ በአገሪቱ ላይ የሠራውን፣ አገሪቱ ተራዋን በደሴ ላይ ሠራችው ማለት ነው።

ስለ ገንዘቡ ማንም አያወራም፤ እኔ ላውራ። እንደ እኛ ያለ ቡድን የሚኖረው በከተማው በጀት ነው። ይህ ማለት የሰኞ ገበያ ነጋዴ የከፈለው ግብር፣ ከእኔ ደመወዝ የተቆረጠው ሳንቲም ማለት ነው። ያ ገንዘብ የት ይሄዳል? ሌላ ከተማ ሆቴል፤ ለአልጋ፣ ለምግብ፣ ለውሎ አበል፣ ለሳምንታት። ቡድኑ እዚህ ቢጫወት ኖሮ ቆሎ ሻጯ ትሸጥ ነበር፣ የቡና ጀበናዋ አታርፍም ነበር፣ ባጃጁ ሦስት ዙር ይመላለስ ነበር፣ በሩ ላይ ትኬት ይቆረጥ ነበር። አሁን ግን ከፍለን እንልካቸዋለን፣ ከፍለን እናኖራቸዋለን፣ ከዚያ በሞባይል ዳታ ከፍለን ውጤታቸውን እንሰማለን። ሦስት ጊዜ ከፍሎ አንዴም የማያይ ደንበኛ ከእኛ በቀር የት አለ?

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ አዎ፣ ወደ እናንተ፣ ቅዳሜ ማታ የዲኤስቲቪ ቤቱን አግዳሚ ወንበር የምትሞሉት ጀማ። እኔም አለሁበት፤ አልዋሽም። አርሴናል በ2004 እንደ ፈረንጆቹ ሳይሸነፍ ዋንጫ ሲያነሳ እኔም አልቅሻለሁ። ግን ይሄ ምን ይባላል፤ የለንደንን ቡድን ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ ስም ከነዕድሜው የሚያውቅ የደሴ ልጅ የደሴን ቡድን አምበል መንገድ ላይ ቢያገኘው ባጃጅ ጠሪ ይመስለዋል! ከዚያ ወርዶ ቤቲንግ ቤት ገብቶ ሰምቶት በማያውቅ የኖርዌይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ላይ 20 ብር ይቆርጣል። የኦስሎን ብርድ የሚያምን ሰው የሆጤን ብርድ ፈርቶ ይቀራል? ሜዳውን ሲወስዱብን አንድ ቀን እንኳ ሰብሰብ ብለን "ኧረ እንዴት ነው ነገሩ" ያላልን እኛ ነን። ዝምታችንን እንደ ፊርማ ቆጠሩት።

ባለፈው አንድ ታዳጊ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ የቡድናችንን ማሊያ ለብሼ አይቶ "ጋሼ፣ ይሄ የየት አገር ቡድን ነው?" አለኝ። ዕድሜው 11 ነው። በሕይወቱ የከተማውን ቡድን ሲጫወት አላየም፤ ከየት ያውቀዋል? እኔ በእሱ ዕድሜ የአባቴን ጋቢ ጫፍ ይዤ ነበር። እሱ ምን ይያዝ?

ውድድሩን ለምታዘጋጁት፣ የከተማውን በጀት ለምትፈርሙት ሁሉ፦ ዋንጫ አልጠየቅናችሁም። ቴሌቪዥናችሁም ይቅር። ሰላም ባለበት ወር አንድ ጨዋታ ብቻ ስጡን። ፖሊሱን እናንተ አምጡ፤ ድንጋይ የሚያነሳ ቢኖር መጀመሪያ የምይዘው እኔ ነኝ። እሁድ ይሁን፣ 9 ሰዓት፣ ሆጤ ሜዳ። ኮምቦልቻ ይምጣ። ጋቢ ይዘው እንዲወጡ ንገሩልኝ፤ የዚያን ልጅ ትኬት እኔ ቆርጫለሁ።