«ጤዛ»ን እንደ ሐኪም ሳየው

«ዶክተር፣ ምን ፊልም ትወዳለህ?» ላላችሁኝ መልሴ አንድ ነው፦ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»። በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው ማለት ነው።

ብዙ ሰው የፖለቲካ ፊልም ነው ይላል። ለእኔ የሕመም ፊልም ነው። ጀርመን ሕክምና የተማረው አንበርብር እግሩን አጥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ሌሊት እየቃዠ ይባንናል፤ ትዝታው ተቆራርጧል። ጠበልም ይወሰዳል።

በብዙ ተከታታይ ድራማዎች ግን ዋናው ሰውዬ ያን ሁሉ ግፍ አይቶ በማግስቱ ሰርግ ይደግሳል! ሰው እንዲህ አይድንም።

እዚህ አዴትም «ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብሎ የሚመጣ ሁሉ ችግሩ ራስ ምታት ብቻ ላይሆን ይችላል። ክፉ ነገር ካያችሁ በኋላ ቅዠቱ፣ ድንጋጤው፣ ከሰው መሸሹ ከወር በላይ ከቆየና ኑሯችሁን ካወከ ሕመም ነው። ድክመት አይደለም፤ ሕክምናም አለው።

ጠበሉንም ተጠመቁ፣ ለሐኪምም ንገሩ። የጀመራችሁትን መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። 🙏

ፊልሙ ከባድ ትዕይንቶች አሉት፤ ከረበሻችሁ አቁሙት። ያያችሁት፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?